አመጣጡን ነግሬ አጠቃቀሙን ያስቀረሁት ቃል

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ከአስናቀች ጋር አምቦ ገበያ ወጥተን፣ እሷ ድንች እያስመዘነች እኔ ዘንቢል ይዤ ከኋላ ከኋላዋ ስጎተት፣ ከኮርቻ ሻጮቹ ተርታ የአዲስ ቆዳ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ጡረታ የወጣ የእንግሊዝኛ አስተማሪንና ኮርቻን ምን አገናኛቸው ትሉ ይሆናል፤ ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ። እግሬ እዚያው ቆሞ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ከጎኔ አንድ የሴት ድምፅ፣ "ቲቸር፣ ትርጉሙን አውቄዋለሁ፤ አመጣጡን ይነግሩኛል?" ያለኝ። ዞር ስል ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት ዓመት የሚሆናት ሴት፣ ጅንስ ጃኬት ለብሳ፣ አዲስ ኮርቻ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሃዊ ናት! የወንጪዋ ሃዊ፣ ተማሪዬ! ዘንቢሉ ከእጄ ወድቆ ድንቹ መሬት ለመሬት ተበተነ። እኔ ልጅቷን አገላብጬ ስስም አስናቀች ተመልሳ መጣችና ድንቿን እየለቀመች፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም የእንግሊዝኛ ቃል አገኘህ?" አለችኝ። አዎ፣ አግኝቼ ነበር።

ነገሩ የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ነው። ዓመቱን በትክክል አትጠይቁኝ፤ መንገዱ አንድ ቀን ክፍት አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት፣ ኢንተርኔት እንደ መብራት የሚሄድበት ሰሞን ነበር። ዋጋውን ከሆነ ጠይቁኝ። ከመናኸሪያው እስከ ትምህርት ቤታችን በር ባጃጅ ሁለት ብር ነበር። ፎቶ ኮፒ አንድ ብር፣ ትኩስ ሳምቡሳ ሁለት ብር። ከገጠር የመጡ ተማሪዎች አንዲት የጭቃ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው፣ እሑድ ማታ ከየቤታቸው ድርቆሽና በሶ ተሸክመው ይገቡ ነበር። ሴቶቹ ከዩኒፎርሙ ቀሚስ ሥር ጠባብ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ወንዶቹ ጸጉራቸውን ግራና ቀኝ ተላጭተው መሐሉን ያቆሙታል። ከሁሉቃ ድልድይ ወዲህ ባለችው መታጠፊያ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበረ፤ ስፒከሩን በር ላይ አውጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ የኦሮምኛ ዘፈን ይለቅቃል። እኔ ያን ሁሉ ዘፈን በቃሌ የያዝኩት ቆሜ ሳልሰማ፣ እያለፍኩ ብቻ ነው። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ስልክ ይሸጥበታል። ባጃጁንስ ተዉት፤ አሁን ዋጋውን ስሰማ በእግሬ እሄዳለሁ።

በዚያ ዘመን የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ የእኔ ነበር። የእኔ ስል ኃላፊው ነበርኩ ለማለት ነው፤ አስናቀች ግን "ሁለተኛ ሚስትህ" ትለው ነበር። ከዳይሬክተሩ ቢሮ ጎን ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ጣሪያው ላይ ሁለት የድምፅ ማጉያ፤ በቃ ይኸው ነው። ዓርብ ዓርብ ባንዲራ እንደተሰቀለ አንድ ተማሪ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ያስተዋውቃል። ሥርዓቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፦ መጀመሪያ ትርጉም፣ ቀጥሎ አመጣጥ፣ መጨረሻ አጠቃቀም። ቃሎቹን ሁሉ ጠርዙ ቀይ በሆነ ትልቅ ደብተር ላይ ለዓመታት ስጽፍ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ትርጉምም አጠቃቀምም አያስጨንቁኝም፤ የእኔ በሽታ አመጣጥ ነው። ቃል ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደወለደው፣ ወንድም እህቱ እነማን እንደሆኑ ማውራት ከጀመርኩ ምሳ አያቆመኝም።

ሃዊ አሥረኛ ክፍል ነበረች። አባትና እናቷ በልጅነቷ ሞተውባት፣ ወንጪ ላይ ያሳደጓት አያቷ ኦቦ ቶሎሳ ናቸው። ወንጪን ያየ ያውቀዋል፤ ሐይቁ ታች ነው፣ ሰው የሚቆመው ላይ አፋፉ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ጎብኚ ሲመጣ ቁልቁል ወርዶ ሽቅብ ሲመለስ ፈረስ ይከራያል። ፈረሶቹ የገበሬዎቹ ናቸው፤ ተራ አላቸው፤ ተራ የሌለው ፈረስ የቱንም ያህል ቢያምር ሣር ይግጣል እንጂ አይሠራም። ያን ጊዜ የተራው መዝገብ ወረቀት አልነበረም። ኦቦ ለማ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ እያንዳንዱን ፈረስ ከነባለቤቱ በቃላቸው ይዘዋል። ጠዋት ድንጋይ ላይ ይቆሙና ይጠራሉ፦ "ፈርዳ ቶሎሳ!" የቶሎሳ ፈረስ ማለታቸው ነው። ከዚያ ትንሽ ዝም ይላሉ። ቅሬታ ያለው ሰው በዚያች ዝምታ ይናገራል፤ የሚቀጥለው ስም ከተጠራ ወዲያ ነገሩ አለቀ፣ ማንም አይከፍተውም። የኦቦ ቶሎሳ ፈረስ ዳማ ይባል ነበር። የሃዊ የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ የሸራ ጫማዋ ሳይቀር ከዳማ ተራ ነው የሚወጣው።

ያን ሰሞን ኦቦ ቶሎሳ ጉሮሯቸውን ታመው ድምፃቸው ቀን በቀን እየጠፋ ነበር። የሃዊ አጎት ድሪባ ደግሞ፣ አባቴ ካለፉ ዳማ የእኔ ነው፣ ጌዶ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ ማለት ጀምሯል። ክፉ ሰው አልነበረም። ቤቱ ያፈሳል፣ ቆርቆሮ ያስፈልገዋል፤ እሱ ራሱ ጉራቻ የሚባል ፈረስ ከነተራው ስላለው ሁለተኛ ፈረስ አይቀልብም። ዳማ ጌዶ ከሄደ ግን ተራው ተሰረዘ፣ ሃዊም ትምህርቷን ጥላ ወንጪ ገባች ማለት ነው። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር፤ ከሳምንት በፊት ከፈተና ቀርታ ምክንያቷን ስጠይቃት ነግራኛለች። ማወቄን አስታውሱልኝ፤ ጥፋቴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ሃዊ መምህራን ክፍል መጣች። የማግስቱ ዓርብ ተረኛ እሷ ናት፤ ከደብተሬ ዝርዝር ውስጥ "ቢክዊዝ" የሚለውን ግስ መርጣለች። ይህ ቃል ተራ ቃል እንዳይመስላችሁ፤ ጠበቃና ዳኛ ፊት የሚወጣ፣ ክራቫት ያሰረ ግስ ነው። "ትርጉሙ፣ ሰው ሞቱን አስቦ ንብረቱን ለሚፈልገው ሰው ማውረሱ ነው፤ መናዘዝ በይው" አልኳት። ጻፈች። "አመጣጡስ?" አለች። ወይ ጉድ፣ ልቤ ዘለለች። ወንበሬን ስቤ ቀረብኩ።

"ስሚ ሃዊ፣ የዚህ ቃል ሥሩ መናገር ነው። የጥንቶቹ እንግሊዞች ወረቀት ብርቃቸው ነበር። ሰውየው ሰዎችን ይሰበስብና ስለ ዕቃው ይናገራል፤ ይህ ለእገሌ ነው ይላል። አለ ማለት ሰጠ ማለት ነው። የቃሉ ወንድም ዛሬ ከጥንት ግጥም በቀር የትም አይገኝም፤ ይህኛው ግን በኑዛዜ ተሸሽጎ እስካሁን ቆየ።"

"መናገር ብቻ?" አለች ቀና ብላ።

"መናገር ብቻ።"

"ሳይጽፍ?"

"ምን መጻፍ አለ፣ ቃል ነው እኮ።"

ደወሉ ተደወለ። "አጠቃቀሙን ነገ ጠዋት ከባንዲራ በፊት እነግርሻለሁ" ብያት ጠመኔዬን ይዤ ወጣሁ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ፤ ክፍል ስገባ ፉጨት ሁሉ ሞክሮኛል።

ዓርብ ጠዋት ሃዊ የለችም። ባንዲራው ተሰቀለ፣ መዝሙሩ አለቀ፣ ማይክሮፎኑ ባዶ ነው። ደብተሬን ከፈትኩና ራሴ ማንበብ ጀመርኩ። ትርጉሙን አነበብኩ፤ አመጣጡን አስረዝሜ አነበብኩ። ከዚያ ከዓመታት በፊት በገዛ እጄ ወደጻፍኩት ወደ አጠቃቀሙ መጣሁ፦ "በጥንቃቄ የሚናገሩ ሰዎች ይህን ግስ ለመሬት ሳይሆን ለሚንቀሳቀስ ንብረት ይጠቀሙበታል፤ ለምሳሌ ለፈረስ። በጥንት ዘመን በንግግር ብቻ ይፈጸም የነበረው ዛሬ በጽሑፍ፣ በፊርማና በምስክር ነው።" ለምሳሌ ለፈረስ! ድምፄ በጣሪያው ማጉያ ዞሮ ራሴን መታኝ። ማይክሮፎኑን ሳልዘጋው ወጥቼ የሃዊን ክፍል ተጋሪዎች ከሰልፉ መሐል ፈለግኳቸው። አንደኛዋ፣ "ትናንት ከሰዓት ወንጪ ሄደች፤ አካኮ ድምፁ ሳያልቅ ሊናገር ነው አለች" አለችኝ። አካኮ አያቷ ናቸው።

ቤት ሮጬ ለአስናቀች ነገርኳት። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማችኝና፣ "ልጅቷ የፈረስ ነገር ብትጠይቅህ አንተ የእንግሊዝን ቅድመ አያት አወራሃት። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል አልሰማህም?" አለች። ሰምቻለሁ፤ ራሴው ሳስተምረው ኖሬያለሁ። ነጭ ወረቀት፣ ካርቦን፣ እስክሪብቶና የጣት አሻራ ቀለም ከጸሐፊዋ ተበድሬ፣ ዳይሬክተሩን አስፈቅጄ ወጣሁ። ሚኒባሶቹ ያን ቀን ወደ ወንጪ አንሄድም አሉ፤ መንገዱ ላይ ድንጋይ አለ ይባላል። አንድ ሞተረኛ ለምኜ እስከ ግማሽ መንገድ ወሰደኝ፤ ቀሪውን በዚህ ጉልበቴ፣ በእንሰቱ መሐል፣ ቀለሙ ኪሴ ውስጥ እየፈሰሰ ሄድኩት። አሁን አስፋልቱ ላይ በመኪና ሲንሸራሸሩ የማያቸው ሰዎች ያን አቀበት አያውቁትም።

ስደርስ ኦቦ ቶሎሳ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሃዊ ከጎናቸው ናት፤ ኦቦ ለማም አሉ። "አካም ጂርቱ" ብዬ ሰላም ስላቸው በራሳቸው ንቅናቄ ብቻ መለሱልኝ። ያን ዕለት ጠዋት የነፍስ አባታቸውና ሦስት ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ዳማ ከነተራው የሃዊ ነው ብለው ተናግረዋል። ያቺው የመጨረሻ ድምፃቸው ሆነች። እኔ ቁጭ ብዬ ጉልበቴ ላይ ወረቀቱን ጻፍኩ፤ ቀለሙን ከፍቼ አቀረብኩላቸው። ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ።

"ቲቸር፣ አካኮ ተናግሯል እኮ" አለች ሃዊ።

"ተሳስቼ ነው ሃዊ። አጠቃቀሙን አልጨረስኩልሽም። ዛሬ መጻፍ አለበት።"

"ትናንት ለምን አልነገሩኝም?"

"ደወሉ ተደወለ።"

"ደወሉ" አለች። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እስከ ዛሬም ያሳፍረኛል። ከዚያ እሷም ተንበርክካ በኦሮምኛ ለመነቻቸው፤ አያቷ እጃቸውን ይበልጥ ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ኦቦ ለማ ናቸው የገለጡልኝ። "መምህር፣ አሁን ቢፈርም ጠዋት የተናገረው አልበቃም ነበር ማለት ነው። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል በእናንተው አማርኛ። ወረቀትህን እጠፈው፤ ነገ ስጠራ እናያለን።" እኔ ግን አላጠፍኩትም። የማይሰማ ድንጋይ ፊት እንደሚቆም ጠበቃ ይዤው ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አፋፉ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሃያ የሚሆኑ ፈረሶች፣ ባለቤቶቻቸው፣ ካዲስ አበባ የመጡ ሁለት መኪና ጎብኚዎች። ኦቦ ቶሎሳን ዳማ ላይ አስቀምጠው አምጥተዋቸዋል፤ እሳቸውም ድንጋይ ላይ አረፍ ብለዋል፤ እጃቸው አሁንም ጋቢ ውስጥ ነው። ድሪባ ጉራቻን ይዞ ቆሟል። ሃዊ የዳማን ልጓም ይዛለች፤ የዩኒፎርም ሹራቧን ነው የለበሰችው፣ ሌላ ሹራብ አልነበራትም። ኦቦ ለማ ድንጋያቸው ላይ ወጡና ሁለት ሦስት ስም ጠሩ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ፈርዳ ሃዊ!" አሉ።

ዝም ሆነ። እኔ እየቆጠርኩ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

"ቆይ" አለ ድሪባ። "እኔ እዚያ አልነበርኩም፣ አልሰማሁም። ወረቀት አለ?"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ፤ የጣት ምልክቱ ቦታ ግን ባዶ ነው። ኦቦ ለማ ወደ እኔ አላዩም። "ድሪባ" አሉት ቀስ ብለው፣ "ጉራቻ የማን ነበር?"

"የአባባ ታናሽ ወንድም።"

"ተራውን ለአንተ ሲሰጥህ ወረቀት ጻፈ?"

"ተናገረ።"

"ሰምተህ ነበር?"

"አልሰማሁም። ጌዶ ነበርኩ። እርስዎ ጠሩኝ።"

"ጠራሁህ፤ ማንም ወረቀት አላለህም። ዛሬ ቃል አይበቃም ካልክ ከጉራቻ ልጀምርና ሁሉንም ልሰርዝ። እንግዶቹም በእግራቸው ይውረዱ።"

ጉራቻ በአፍንጫው ተነፈሰ። ድሪባ አባቱን አየ፤ አባቱ ሐይቁን ያያሉ። ልጃቸውን ያላዩት እንዳይለምኑት ይሆን? እስካሁን አላውቅም። እኔ ወረቀቱን ጨብጬ ጨብጬ እንደ ጨርቅ አድርጌዋለሁ። በመጨረሻ ድሪባ ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ሰዉ ዞሮ፣ ከኦቦ ለማ በበለጠ ድምፅ፣ "ፈርዳ ሃዊ!" ብሎ ጠራ። ኦቦ ለማ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ቀጣዩን ስም ጠሩ፦ "ፈርዳ ድሪባ!" አለቀ። እልል ያልኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ፀጉሩ የሸበተ መምህር ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ እልል ሲል ጎብኚዎቹ ፎቶ አንስተውኛል። ኦቦ ቶሎሳ ያን ጊዜ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና የሃዊን ራስ ዳሰሱ። ሃዊ የመጀመሪያዋን እንግዳ ኮርቻ ላይ አውጥታ ቁልቁል ወረደች፤ ኮርቻው ትናንት ቅባት ስለተቀባ ሽታው እስከ ቆምኩበት ይመጣ ነበር። ያ ሽታ ነው ገበያ መሐል ያቆመኝ።

ወረቀቴስ? የኦቦ ለማ ሚስት ለመንገዴ የገብስ ቆሎ ጠቀለሉልኝ በእሱ። ካርቦኑን አስቀርቼ ለጸሐፊዋ መልሻለሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ሃዊ ማይክሮፎኑ ላይ ቀርባ ሦስቱንም ክፍል አቀረበች፤ አጠቃቀሙ ላይ "የዛሬው ሕግ ጽሑፍ ይፈልጋል" የሚለውንም አልዘለለችም። ምሳሌዋን ግን ከደብተሬ አልወሰደችም። "አያቴ ድምፁን ከማጣቱ በፊት ፈረሱን ከነተራው አወረሰኝ" አለች በእንግሊዝኛ፣ ቀጥላም በኦሮምኛና በአማርኛ። ጣሪያው ላይ ያሉት ሁለት ማጉያዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይንጫጩ አስተላለፉላት። ኦቦ ቶሎሳ ያን ዓመት ክረምቱ ሳይወጣ አረፉ፤ ከቀባሪዎቹ ፊት ዳማን የሳበው ድሪባ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ቅዳሜ ሃዊን ከነኮርቻዋ ቤት ይዘናት ገባን። አስናቀች ድንች ቀቅላ በሚጥሚጣ አቀረበች፤ እኔ አምቦ ውሃ ቀዳሁ። ሃዊ ኮሌጅ ጨርሳ አሁን እዚያው ወንጪ አካባቢ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ዳማ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በተራው ሌላ ፈረስ ገብቷል፤ ኮርቻው ለእሱ ነው። ድሪባ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱንም ፈረሶች ይዞ ይወርዳል፤ ቤቱም ቆርቆሮ ለብሷል። ተራው ዛሬ ኮምፒውተር ላይ ነው አሉ፤ ግን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ድንጋዩ ላይ ቆሞ አሁንም ይጠራል። "ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ሊያቋቁም ነው" አለችኝ ዓይኗ እየበራ። "ዓርብ ዓርብ ቃል ልጀምር አስቤያለሁ። ያ ቀይ ጠርዝ ያለው ደብተር አለ?"

አለ። ሁለቱ ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ደብተሩን ከፍተው አያውቁም። አስናቀች ለዓመታት "አንድ ቀን ከሰል አያይዝበታለሁ" ስትል ኖራለች። እኔም ቀኑ መሽቶ ማን ያነበዋል እያልኩ ስሰጋ ኖሬያለሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። የሃዊን ጥያቄ ስሰማ ደስታ አንቆኝ፣ ላወርስሽ ወረቀት ልጻፍ ብዬ እስክሪብቶ ፍለጋ ብድግ አልኩ። ሃዊ እጄን አየችው።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ሁለት እጄን ጋቢዬ ውስጥ ከተትኩና ጮክ ብዬ፣ "ደብተሬ የሃዊ ነው" አልኩ። ከዚያ እንደ ኦቦ ለማ ዝም አልኩ፤ ቅሬታ ያለው ይናገር።

አስናቀች እኔን አየችኝ፣ ሃዊን አየች። ከዚያ ተነሥታ ጓዳ ገባችና ደብተሩን አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ይዛው ወጣች።